የስልኩ ዋጋ እና የስሙ ዋጋ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ወሰነ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከ125 ብር አለፈ። እስቲ ይህን ቁጥር ወደ ስልክ እናምጣው። አይፎን 16 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። በድሮው ምንዛሪ 45 ሺህ ብር ገደማ ነው። በ125 ብር ሲሰላ ግን 100 ሺህ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ገና አልተጨመረበትም።

በሌላ በኩል ደመወዝ አለ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ፣ በዲግሪ ተመርቆ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ሆኗል። ግብሩ ሳይቆረጥ ማለት ነው። ይህ ሠራተኛ ሳይበላ፣ ቤት ሳይከራይ፣ ታክሲ ሳይሳፈር ቢያጠራቅም እንኳ ለዚያ ስልክ 9 ወር ገደማ ይፈጅበታል። እንደዚያም ሆኖ መገናኛ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም ያሉ የሞባይል ሱቆች ጋ ጎራ በሉ። አይፎን ፈላጊው ብዙ ነው። አዲሱን ያልቻለ ያገለገለ ይጠይቃል። ያገለገለውም የከበደው እቁብ ይገባል፤ አለዚያ ውጭ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል።

አይፎን መጥፎ ስልክ ነው አልልም። በጣም ጥሩ ስልክ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊውን ከአይፎን ጋር ያቆራኙት ገመዶች እኛ አገር አብዛኞቹ የሉም። ገመዶቹ ሳይመጡ ፍቅሩ ብቻ መጥቷል። ለዚያ ፍቅር የምንከፍለው ገንዘብ ደግሞ ለቤተሰብ ብዙ ነገር የሚሠራ ገንዘብ ነው።

ገመዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። አሜሪካ ውስጥ ባለ አይፎን ለባለ አይፎን የሚልከው መልእክት በአፕል የራሱ መላላኪያ በአይሜሴጅ ያልፋል፤ በሰማያዊ ይታያል። አንድሮይድ ለያዘ ሰው ሲላክ አረንጓዴ ይሆናል። ልዩነቱ የቀለም ብቻ አልነበረም። ለዓመታት በአረንጓዴው በኩል የሚላክ ቪዲዮ ደብዝዞ ነበር የሚደርሰው። የቡድን መልእክትም ይዘበራረቅ ነበር። ታዳጊዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ማፈሪያ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጋዜጠኛ ለእናቱ ቪዲዮ መላክ እንደተቸገረ ለአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለቲም ኩክ ነገራቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ለእናትህ አይፎን ግዛላት። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን በሞኖፖሊ ሲከስ ይህ የመልእክት ጉዳይ በክሱ ውስጥ ገብቷል። በዚያው ዓመት አፕል አርሲኤስ የሚባለውን የመልእክት ሥርዓት ተቀበለና ችግሩ ቀለል አለ። ቀለሙ ግን አልተቀየረም።

በዚያ ላይ ሰዓቱ አለ። አፕል ዎች ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም። ፎቶው የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ በሆነው አይክላውድ ላይ ተቀምጧል። ካፌ ውስጥ ሒሳብ የሚከፈለው በአፕል የስልክ መክፈያ፣ በአፕል ፔይ ነው። ስልኩ ሲበላሽ የሚወሰድበት የአፕል መደብር ሰፈሩ ውስጥ አለ። ይህ ሰው ወደ ሳምሰንግ ልሂድ ቢል የሚቀይረው ስልክ ብቻ አይደለም፤ ከጓደኞቹ ቡድን ጀምሮ ብዙ ነገር ይነካበታል። ስለዚህ ባለበት መቆየቱ ምክንያት አለው። ፍቅር ባይኖረው እንኳ መውጣቱ ያስከፍለዋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። እኛ መልእክት የምንላላከው በቴሌግራም ነው፤ አንዳንዴ በዋትሳፕ፣ ከአረብ አገር ዘመድ ጋር ደግሞ በኢሞ። እነዚህ ሁሉ የ15 ሺህ ብሩ ስልክ ላይም የ150 ሺህ ብሩ ላይም እኩል ይሠራሉ። ቴሌግራም ላይ ማን ምን ስልክ እንደያዘ የሚለይ ቀለም የለም። አፕል ፔይ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቴሌብር ግን ስማርት ስልክ እንኳ አይጠይቅም፤ በተራ ስልክ *127# ደውሎ መክፈል ይቻላል። የጥገናውም ነገር እንደዚሁ ነው። አፕል ራሱ የሚያስተዳድረው መደብር በመላው አፍሪካ የለም። እዚህ ስልካችን ሲበላሽ የምንወስደው ሰፈራችን ላለው ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ናቸው። ግን ዋናውን መለዋወጫ ከየት ያመጣዋል?

ታዲያ ምን ቀረ? የተነከሰችው ፖም ቀረች።

ይህን ስል ሰውን ለመውቀስ አይደለም። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሰው ከመናገራችን በፊት ያየዋል። ሥራ ፍለጋ ስንሄድ፣ ከደንበኛ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ አዲስ ሰው ስንተዋወቅ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማሪያን በርትራንድ እና ኤሚር ካሜኒካ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ አንድ አሜሪካዊ የሚጠቀምበትን ዕቃ ብቻ አይቶ ገቢው ከፍተኛ ይሁን ዝቅተኛ መገመት ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ2016 መረጃ አይፎንን ያህል ገቢን የሚያሳብቅ ብራንድ አላገኙም። ሰውዬው አይፎን እንዳለው ብቻ አውቆ ገቢው ከፍተኛ ነው ብሎ የገመተ ሰው 69 በመቶ ያህል ይሳካለታል። ስለዚህ አይፎን የያዘውን ሰው እንደ ባለ ገንዘብ የሚያየው ዓይን ባዶ ሜዳ ላይ አልተፈጠረም። መሠረት አለው።

ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1992 መረጃ ያንን ቦታ ከያዙት ብራንዶች አንዱ ሰናፍጭ ነበር። አዎ፣ ግሬይ ፑፖን የሚባል የሚበላ ሰናፍጭ። ምልክቱ ይቀያየራል። ዛሬ በ9 ወር ደመወዝ የተገዛው ምልክት ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላው ሁሉ ስለያዘው ምልክትነቱ ይጠፋል። አዲስ ሞዴል በየመስከረሙ ይወጣል። የካሜራው አቀማመጥ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ አሮጌ እንደያዝን ከሩቅ ይታወቅብናል። በምልክት የሚደረግ ውድድር ማለቂያ የለውም። ይህ ውድድር ደግሞ የሚያደክመው ባለ ገንዘቡን አይደለም። እሱማ በየዓመቱ ይቀይራል። የሚያደክመው ያችን ትንሽ ደመወዝ ይዞ የሚከተለውን ነው።

ወጣቶች መካከል ያለው ጫና በተለይ ያሳዝነኛል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ቴክኖ ይዞ ፋራ መባል ይፈራል። እናቱ እንጀራ ሸጣ ያስተማረችውን ልጅ ይህ ፍርሃት ሲይዘው ማየት ከባድ ነው። ልጁ ግን ክፉ ሆኖ አይደለም። የምንመዝንበትን ሚዛን ያቆምነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ሠርግ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቤተ ዘመድ ጉባኤ ላይ ስልኩን አይተን ሰውን የምናከብር እኛ ነን።

ስለ ቴክኖ ካነሳን ኩባንያውን በቅጡ ማወቅ ይጠቅማል። ቴክኖ፣ አይቴል እና ኢንፊኒክስ የአንድ ድርጅት ልጆች ናቸው። ባለቤታቸው ሼንዘን ያለው ትራንሽን ነው። «ቴክኖ ይሻላል፣ ኢንፊኒክስ ይሻላል» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ አንድ ቤት ዕቃ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ዓይኑን አፍሪካ ላይ ጣለ። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሌሎቹ ግን አላደረጉትም። ጠጋ ብሎ ሰዉ ምን እንደሚቸግረው አየ። መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ ባትሪው ትልቅ ሆነ። ሰው ከአንድ በላይ ሲም ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲም የሚቀበል ስልክ ሠራ። የጠቆረ ቆዳ በደብዛዛ ብርሃን ፎቶ ላይ ይጠፋል፤ ስለዚህ ካሜራውን ለእኛ ቆዳ አስተካከለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። በ2019 ሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ በአፍሪካ ብዙ ስልክ በመሸጥ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ የመጣው ለስሙ በተደረገ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። የተጠቃሚውን ችግር ከማየት ነው።

«ቻይና ነው» ብሎ መናቁም ብዙ አያስኬድም። አይፎን ራሱ በብዛት የሚገጣጠመው ቻይና ውስጥ ነው፤ አሁን አሁን ህንድም ድርሻዋ እያደገ ነው። አይፎን ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2017 በ999 ዶላር ሲወጣ ሰውን ያስደነቀው ስክሪኑ የሳምሰንግ ሥራ ነበር። የአይፎን ወዳጅና የሳምሰንግ ወዳጅ ካፌ ተቀምጠው ሲሟገቱ፣ ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ ይገበያያሉ። እኛ ለብራንድ ወገን እንይዛለን። ብራንዱ ግን ለእኛ ወገን አልያዘም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል አንድ ነገር አመነ። ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር ይቀንስ ነበር። ዓላማው ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው ብሏል፤ ቴክኒካዊ ምክንያቱ እውነት ነው። ለደንበኛው ግን በግልጽ አልነገረውም ነበር። ስንቱ ሰው ባትሪ መቀየር ሲበቃው «ስልኬ አረጀ» ብሎ አዲስ ገዝቷል። አፕል ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ክሱን ለመዝጋት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያን ገንዘብ ያገኙት አሜሪካ ያሉት ተጠቃሚዎች ናቸው። መርካቶ ላይ ያንኑ ስልክ የገዛ ሰው ያተረፈው የለም።

ኖኪያንም እናስታውስ። በዕድሜ ትንሽ ገፋ ያልን ሰዎች ኖኪያ ስንል ዓይናችን ይበራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ባትራ ነበረው። ቢወድቅ አይሰበርም። ባትሪው ቀናት ይቆያል። ለኖኪያ የነበረን ታማኝነት እንዲህ ካለ አገልግሎት የመጣ ነው። አገልግሎቱ ከዘመኑ ወደ ኋላ ሲቀር ሰው ተወው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት በ5.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ለመሸጥ ተስማማ። እኔ እንደዚያ ዓይነቱን ታማኝነት አከብረዋለሁ። አገለገለኝ፣ ተጠቀምኩበት። ማገልገል ሲያቆም ተለያየን።

እና ዋጋ ያለው ስልክ የቱ ነው? ርካሹ ነው ለማለት አልደፍርም። ርካሽ ስልክ ገዝቶ በዓመቱ የጣለ ሰው ብዙ አውጥቷል። ጥያቄው ለአንድ ዓመት አገልግሎት ስንት ከፈልን የሚለው ነው።

የአይፎን ወዳጆች እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። አይፎን ሲሸጥ ዋጋው አይወድቅም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን በብር እናስላው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በ100 ሺህ ብር አይፎን ገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በ50 ሺህ ሸጠ እንበል። ግማሽ ዋጋውን መለሰ። ሌላው በ25 ሺህ ብር አንድሮይድ ገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በ5 ሺህ ብቻ ሸጠው። የሁለተኛው ስልክ በመቶኛ ሲታይ ክፉኛ ወደቀ። ከኪስ የወጣው ግን 20 ሺህ ብር ነው፤ የመጀመሪያው 50 ሺህ አጣ። በዚያ ላይ በሁለቱ ግዢ መካከል ያለው 75 ሺህ ብር ለሦስት ዓመት በሁለተኛው ሰው እጅ ቆይቷል። ያ ገንዘብ ለአንዳንድ ሰው የሥራ መነሻ ነው። የስልክ ነጣቂም አለ። ታክሲ መስኮት ላይ የተነጠቀ ስልክ መልሶ አይሸጥም። ዋጋው አልወደቀም ማለት የሚቻለው ስልኩ እጃችን ላይ ካለ ነው።

አዲሱን ትተን ያገለገለ አይፎን ብንገዛስ? ይህ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ መንገድ ነው፤ አንዳንዴም ጥሩ ግዢ ነው። አይፎን ለረጅም ጊዜ የሶፍትዌር ማሻሻያ ያገኛል። ግን ዕድሜውን መቁጠር ያስፈልጋል። ገበያችን ላይ በብዛት የሚዞረው አይፎን ኤክስአር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ2025 የወጣውን አይኦኤስ 26 አይቀበልም፤ ኤክስኤስም እንደዚሁ። ነገ ጠዋት ሥራ ያቆማል ማለት አይደለም። ግን ዛሬ እሱን በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ዕድሜው ያለቀ ነገር እየገዛ ነው። በአንጻሩ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላወጣው ርካሽ ስልክ፣ ለጋላክሲ ኤ16፣ የ6 ዓመት ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሏል። ሱቅ ገብተን ስለ ካሜራው ሜጋፒክስል እንጠይቃለን፤ ስለዚህ ቁጥር ግን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም ነው። ባንካችን ስልካችን ውስጥ በገባበት ዘመን ደግሞ የደህንነት ማሻሻያ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ርካሽ አንድሮይዶች እዚህ ላይ ደካማ ናቸው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ከአይፎን ጋር ሲነጻጸሩ እውነተኛ ጉድለታቸው ይህ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነገር አይቶ ይግዛ። ሻጩ ከአይክላውድ አካውንቱ ፊት ለፊታችን ይውጣ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አይፎን በባለቤቱ አካውንት ይቆለፋል፤ የቀድሞው ባለቤት ካልወጣ ስልኩ አጽድተን ብናስነሳው አይከፈትልንም። ከዚያ ወደ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ተገብቶ የመለዋወጫ ታሪኩ ይታይ። ከኤክስአር ወዲህ ያሉት ስልኮች ባትሪያቸው ተቀይሮ ከሆነ፣ ከ11 ወዲህ ያሉት ደግሞ ስክሪናቸውም ተቀይሮ ከሆነ እዚያ ይናገራሉ። የገባው ዕቃ ዋናው ካልሆነ ስልኩ «የማይታወቅ» ብሎ ይጽፋል። የባትሪ ጤናውም ይታይ። አይፎን 14 እና ከዚያ በፊት ያሉት የተሠሩት ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ነው፤ ከ15 ጀምሮ ይህ ወደ 1,000 አድጓል። *#06# ተደውሎ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ሻጩ በዚህ ሁሉ ከተናደደ ሌላ ሱቅ አለ።

አንድሮይድም ሆነ አይፎን ከመግዛት በፊት ጠጋኝ ጋ ሄዶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ ወርቅ ነው፦ የዚህ ስልክ ስክሪን ስንት ነው? ይገኛል? ስክሪን መሰበሩ አይቀርም። ስክሪኑ ገበያ ላይ የሌለ ስልክ ርካሽ ቢመስልም ውድ ነው።

አይፎን የሚያስፈልገው ሰው የለም ወይ? አለ። ቪዲዮ እየቀረጸ የሚኖር ሰው፣ የቲክቶክ ሥራው እንጀራው የሆነ፣ የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካሜራው ገንዘብ ያመጣለታል። ለእሱ የሥራ መሣሪያ ነው፤ እዳውን ራሱ ይከፍላል። ገንዘብ ሞልቶት ስለወደደው ብቻ የሚገዛም አለ፤ መብቱ ነው። እኔ የማወራው የቤት ኪራይ ሳይከፈል ስለሚገዛው ስልክ ነው።

ላፕቶፕ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ተማሪ ልጅ ያላቸው ወላጆች የአፕል ላፕቶፕ፣ ማክቡክ ካልሆነ ሲባሉ ይጨነቃሉ። የማክቡክ ኤር ራም እና ማከማቻ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ሲያንስ አይጨመርም። ያገለገለ ቲንክፓድ ወይም ዴል ላቲቲዩድ ላይ ብዙ ጊዜ ማከማቻውን መቀየር፣ በብዙ ሞዴሎችም ራም መጨመር ይቻላል። እነሱን ሲገዙ ግን ፕሮሰሰሩን ይዩ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። ሱቁ ውስጥ «ኮር አይ 7 ነው» ሲባል ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀረው የውጭ ዘመድ ጉዳይ ነው። ብዙ አይፎን ወደ አገራችን የሚገባው በሻንጣ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድም፣ ዱባይ ወይም ሪያድ የምትሠራው እህት ይልካሉ። የእነዚህ ሰዎች ድካም አንጀቴን ይበላዋል። ሰው ቤት ሠርታ የምታድር ልጅ የወራት ደመወዟን ለስልክ አውጥታ፣ ስልኩ እዚህ ሲደርስ ባይሠራ ምን ይባላል? ይህ ደግሞ የሚሆን ነገር ነው።

ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም። የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም ብቻ ነው። በ2025 የወጣው አይፎን 17 ደግሞ ይህንኑ ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፍቶታል። ሳዑዲ፣ ኢምሬቶች፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባሕሬንና ኦማን ውስጥ የሚሸጠው አይፎን 17 ሲም ካርድ አይገባበትም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ሁለት ሲም ለምደናል። አንዱ ለቴሌብር፣ ሌላው ለዳታ። ሲም እያወጡ መቀያየር ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ስለዚህ ስልኩ ከመገዛቱ በፊት ተቀባዩ ቴሌ ወይም ሳፋሪኮም ጋ ሄዶ ቁጥሩን ወደ ኢሲም ለመቀየር ምን እንደሚጠየቅ ያጣራ።

አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ «ነጻ ስልክ» የሚለውን ማስታወቂያ በጥንቃቄ ይዩት። ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቬራይዘን ስልኩን ነጻ የሚያደርጉት በ36 ወር ውስጥ ከወርሃዊ ሒሳብ ላይ እየቀነሱ ነው። እዳው እስኪያልቅ ስልኩ በኩባንያው መስመር ላይ ተቆልፎ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ የእኛን ሲም አይቀበልም። ክፍያው በመሐል ከቆመ ደግሞ ስልኩ በጥቁር መዝገብ ሊገባ ይችላል። ተቆልፎ የመጣ ስልክ «ይከፈታል» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ግን የሚከፍተው ያ የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ ነው። ላኪው መክፈል የሚችል ከሆነ በሙሉ ዋጋ፣ ያልተቆለፈውን ይግዛ። ካልቻለ በዚያው ገንዘብ ግማሽ እዚህ ዋስትና ካለው ሱቅ፣ ሁለት ሲም የሚቀበል፣ የብዙ ዓመት ማሻሻያ ያለው ስልክ ይገዛል። የተረፈውን ግማሽ ተቀባዩ ለምን እንደሚያውለው ከላኪው ጋር ይነጋገሩበት።